የሐዘን ቁጥርና የዕድራችን ካዝና
(በጠቅላላ ጉባኤው ላይ የተደረገ ንግግር)



ሊቀመንበሩ ስለ መዋጮው ጉዳይ ጥቂት ተናገሩ ስላሉን ቆመናል። ትምህርታችን ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ዕድሜያችንን የፈጀነው መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። የምሁር ንግግር አትጠብቁብን።

ባለፈው ዓመት በአንድ ወር ውስጥ ሐዘን ሲደራረብብን ያየነውን ታስታውሳላችሁ። ለመጨረሻዋ ቤት ገንዘቡን ያደረስነው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ባለቤትየዋ ምንም አላሉንም፤ እኛ ግን ዓይናቸውን ማየት አቃተን። ይህን ቀድሞ ማወቅ ይቻል ነበር ወይ ብለን መጻሕፍት ማገላበጥ የጀመርነው ያን ጊዜ ነው።

ሞዴል ሲባል ለእኛ ለቢሮ ሰዎች ቶሎ የሚመጣልን ሞዴል 19ና ሞዴል 22 ነው፤ ዕቃ ገቢና ወጪ የሚደረግበት። የሂሳብ አዋቂዎች ሞዴል የሚሉት ግን ሌላ ነው። የአንድን ነገር አካሄድ፣ የወንዝ ሙላት ይሁን የሰው ዕድሜ፣ በቁጥር አስመስሎ ወረቀት ላይ ማስቀመጥ ነው። ነገሩ ራሱ አይደለም፣ ጥላው እንደ ማለት ነው።

በስሙ ጅራታም ኮከብ የተሰየመለት እንግሊዛዊው ኤድመንድ ሃሌ እ.ኤ.አ. በ1693 እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቷል። ዛሬ ፖላንድ ውስጥ ያለችው የብሬስላው ከተማ ቄስ ካስፓር ኖይማን የልደትና የቀብር መዝገቡን አሰናድቶ ነበር። በአምስት ዓመት መዝገብ መሠረት በከተማው በዓመት በአማካይ 1,238 ይወለዳሉ፣ 1,174 ይሞታሉ። ሃሌ ከዚህ ተነሥቶ ሠንጠረዥ አወጣ፦ ከ1,000 ሕፃናት 40 ዓመት የሚደርሱት 445፣ 47 የሚደርሱት 377፣ 60 የሚደርሱት 242 ናቸው። እንግዲህ የ40 ዓመት ሰዎች ከሆኑት ከ445ቱ በሰባት ዓመት ውስጥ 68 ያልፋሉ ማለት ነው። ሁሉ ነገር የተገኘው ከአንድ ቄስ መዝገብ ነው! ጸሐፊ የሚናቅ ሰው አይደለም።

ለእኛ የሚቀርበው ግን የስኮትላንዱ ነው። ሮበርት ዋላስና አሌክሳንደር ዌብስተር የተባሉ ሁለት ቀሳውስት ለሟች ቀሳውስት ሚስቶችና ልጆች ገንዘብ ማቋቋም ፈለጉ። ቆጠሩ፤ በሕይወት ካሉት 930 ያህል ቀሳውስት በዓመት 27 ይሞታሉ፣ ከነዚህም 18ቱ ሚስት ትተው ያልፋሉ አሉ። ስሌቱን የሂሳብ መምህሩ ኮሊን ማክሎሪን መረመረላቸው። ገንዘቡ እ.ኤ.አ. በ1744 ሥራ ጀመረ፤ መበለቲቱም ባሏ እንደ ከፈለው መጠን በዓመት ከ10 እስከ 25 ፓውንድ ታገኝ ነበር። ሰው ሲሞት ከመሯሯጥ ይልቅ ቀድመው ቆጠሩ።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ለምሳሌ ያህል ነው እንጂ የካዝናችንን ልክ መናገራችን አይደለም፤ 200 አባል በወር 100 ብር ቢከፍል በዓመት 240,000 ብር ነው። ለአንድ ሐዘን 15,000 ቢወጣ 16 ሐዘን ይችላል። አሥራ ሰባተኛው ሲመጣ ዕዳ ነው። አንድ አባል ስንል ደግሞ አንድ ሰው አይደለም፤ ሚስት አለ፣ ልጅ አለ፣ አማት አለ። ዕድሩ ሲቋቋም አብዛኞቻችን ጎልማሶች ነበርን። ዛሬ በዚህ አዳራሽ ሽበት ያልነካው ስንት ነው? ዕድሜ ሲገፋ ሐዘኑ ይበዛል፣ መዋጮው ግን ባለበት ቆሟል።

አንዳንድ አባቶች «ሞትን መቁጠር ድፍረት ነው» ሲሉ ሰምተናል። ሠንጠረዡ እኮ ስንት ይሆናሉ ይላል እንጂ ማን ይሞታል አይልም። ያም ቢሆን ይሳሳታል። ሃሌ ብሬስላውን የመረጠው ገቢና ወጪ ሰው የማይበዛባት ከተማ ስለ ነበረች ነው፤ በእኛ ሰፈር ግን ወጣቱ ይወጣል፣ ተከራዩ ይለዋወጣል። ደግሞ እንደ 1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ያለ መቅሠፍት ሲመጣ የትኛውም ሠንጠረዥ አይመልሰውም። ስለዚህ ስሌቱ በየዓመቱ ይታደስ፣ ከዓመቱ ገቢም ጥቂቱ የማይነካ መጠባበቂያ ሆኖ ይቀመጥ እንላለን።

መዋጮው በስንት ይጨመር የሚለውን ዛሬ አንወስንም። መጀመሪያ መዝገቡ ይሙላ። የድሮው መዝገባችን ስም እንጂ ዕድሜ የለበትም፤ ጥፋቱ የእኛ የጸሐፊዎቹ ነው። በሚቀጥለው ወር ለመክፈል ስትመጡ የየቤተሰባችሁን አባላት የልደት ዓመት በወረቀት ጽፋችሁ አምጡልን። መጻፍ የማትችሉ በቃል ንገሩን፣ እኛ እንጽፋለን።