ክኒኑን ገዛሁ፣ መድኃኒቱ ተቋረጠ
(በቡራዩ በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር)



ወንድሜ ስኪዞፍሬኒያ እንዳለበት ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። አምና አንድ ሰው «በሽታው የዚንክ እጥረት ነው» ብሎ ክኒን አሳየኝ። ደስ ብሎኝ ገዛሁ። ወንድሜም የሐኪሙን መድኃኒት ተወ። በሁለተኛው ወር እንቅልፍ አጣ፣ ድምፅ መስማት ጀመረ፣ ከቤት ወጥቶ ሦስት ቀን ፈለግነው። ጥፋቱ የእኔም ነው።

በኋላ ነርሷን ጠየቅኋት። ብዙ አገር የተደረጉ ጥናቶች ሲጠቃለሉ፣ ስኪዞፍሬኒያ ባለባቸው ሰዎች ደም ውስጥ ዚንክ በአማካይ ዝቅ፣ መዳብ ደግሞ ከፍ ብሎ ተገኝቷል አለችኝ። ይህ ግን የበሽታው መነሻ ዚንክ ነው ማለት አይደለም። የታመመ ሰው አበላሉ ይለወጣል፤ የቱ እንደቀደመ የደም ምርመራ ብቻውን አይናገርም። ዚንክ ሲበዛ ደግሞ ሰውነት መዳብ ያጥረዋል።

ለገበታችን ግን ትምህርት አለው። ዚንክ በሥጋ፣ በምስር፣ በሽምብራ ይገኛል። እህልና ጥራጥሬ ውስጥ ዚንኩን ይዞ የማይለቅ ነገር አለ፤ ሊጥ በደንብ ሲቦካ፣ ባቄላም በቆልት ሲሆን ይቀንሳል። እናቶቻችን ሳይማሩት ይሠሩት ነበር።

ምግቡ ይብላ፣ መድኃኒቱም አይቋረጥ። ከየአካባቢያችን አማኑኤል ሆስፒታል ለመድረስ ትራንስፖርቱ ለብዙ ቤት ይከብዳል። ስለዚህ ከቁጠባችን ጥቂት ለቀጠሮ ቀን እንድንመድብ እለምናችኋለሁ። ሐኪሙን ሳትጠይቁ ግን ክኒን አትግዙ።