ጤና በክርስቲያን ቤት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ዛሬ ልንነጋገርበት ያሰብነው ነገር ከመቅደስ ይልቅ ወደ ወጥ ቤት የሚቀርብ ይመስላል። ይኸውም አንድ ቤተ ሰብ ጤናውን ለመጠበቅ ብሎ አበላሉን፥ አጠጣጡንና አኗኗሩን ሲለውጥ ስለሚያገኘው በረከትና በመንገዱ ላይ ስለሚጠብቀው ፈተና ነው። የሰው ሥጋ የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ መሆኑን ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች አስተምሮአልና፥ ስለ ወጥና ስለ እንጀራ ብንናገር ከቤተ ክርስቲያን ነገር ወጣችሁ የሚለን አይኖርም።

ምሳሌያችንን ከወሎ እንውሰድ። ከደሴ ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚወጣው መንገድ በቦሩ ሜዳ አልፎ ኩታበር ይደርሳል። አገሩ ደጋ ነው፤ ገብስና ስንዴ፥ ባቄላና አተር የሚበቅልበት፥ ገበሬው የበልጉንና የመኸሩን ዝናም በተስፋ የሚጠባበቅበት፥ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ገበያ የሚገበያይበት፥ በልቅሶና በደስታም የሚጠያየቅበት አገር ነው። ከደሴ ተነሥቶ ግሸን ደብረ ከርቤን ለመሳለም የሚሄድ ምእመንም በዚሁ በኩል ያልፋል።

በዚህ አገር አንድ ቤት በአሳባችን እንሥራ። የምንናገረው ተለይቶ ስለሚታወቅ ሰው አይደለም፤ በብዙ ቤት ተበትኖ የሚታየውን በአንድ ጣራ ሥር ሰብስበን ነው እንጂ። አባ ወራው ዕድሜው ከ50 ዓመት አልፎአል። ቀድሞ ሞፈርና ቀንበር ተሸክሞ ዳገት ይወጣ የነበረ ሰው ነው፤ አሁን ግን በከተማው ሱቅ ከፍቶ ከጧት እስከ ማታ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ይውላል። የሚበላው ግን እንደ አራሽ ነው። ወጡ ጨው ካልበዛበት አልጣፈጠም ይላል። ሻዩ በሦስት ማንኪያ ስኳር ይታሻል። በጀሪካን የሚገዛው የሚረጋ ዘይት ከሽሮውም ከአልጫውም አይጠፋም። ማታ ማታ ደግሞ ከወዳጆቹ ጋር አረቄ ይቀማምሳል። ልጆቹ በሶና ቆሎ የድሀ ምግብ ነው ብለው ንቀው ለስላሳ መጠጥና ብስኵት ለምደዋል፤ ትልቁ ልጅማ ከሰዓት በኋላውን በጫት ነው የሚያሳልፈው። እናቲቱ መስኮት በሌለው ጎጆ ውስጥ ስትጋግር ዐይኗ ከጢስ የተነሣ ዘወትር እንደ ቀላ፥ ደረቷም እንደ ታፈነ ነው።

አንድ ቀን አባ ወራውን ራሱን አዞረውና ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዱት። የደሙ ግፊት ሲለካ የላይኛው ቍጥር 170፥ የታችኛው 100 ሆኖ ተገኘ። ሐኪሞች 140 በ90ና ከዚያ በላይ ደጋግሞ ሲገኝ ደም ብዛት ይሉታል። ይህ በሽታ ክፉነቱ ዝምታው ነው። ቍስል የለው፥ ትኵሳት የለው፤ ብዙውን ጊዜ ሕመምም አይሰማ፤ በዝምታ ግን ልብንና ኵላሊትን ይጎዳል፤ የአንጎልን ሥር ዘግቶ ወይም በጥሶ ሰውን በአንድ ጎን ሽባ አድርጎ ይጥላል። ለአባ ወራው ኪኒን ታዘዘለት፤ አበላሉን እንዲለውጥም ተነገረው።

በዚህ ቤት መልካሙ ነገር ምን ነበረ? ብቻውን አለመለወጡ ነው። ለአንድ ሰው ጨው የሌለበት ወጥ ለብቻ ቢሠራለት፥ ሌላው ሲጣፍጥለት እያየ እርሱ እንደ ተቀጣ ሰው ቢቀመጥ፥ ሳምንት አይዘልቅም። ስለዚህ አሮጊቷ አያት ሳይቀሩ መላው ቤተ ሰብ መከረ። አያቲቱ የሐኪሙን ምክር በሰሙ ጊዜ ይህማ እኛ በልጅነታችን የኖርንበት ነው ብለው ሳቁ ብንል ከእውነት አንርቅም። ሐኪሙ ያዘዘው የገብስ ቅንጬ፥ የባቄላ ቆሎ፥ የምስር ክክ፥ የጓሮ ጎመንና ተልባ ነውና። ጨው ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም፥ ማለት ከአንዲት የሻይ ማንኪያ እንዳይበልጥ የዓለም የጤና ድርጅት ይመክራል፤ በእኛ ቤት ግን ወጡ ውስጥ ያለው ጨው ሳይቈጠር በርበሬውም ሽሮውም ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፤ ይህን የባልትና ነገር እናቶች ልብ ሊሉት ይገባል።

ከዚያ በኋላ ዘይቱ ተቀነሰ፤ ሻዩ በአንድ ማንኪያ፥ ኋላም ያለ ስኳር ተጠጣ። አረቄው ቀረ። አባ ወራው ወደ ሱቁ በባጃጅ መሄዱን ትቶ በእግሩ መሄድ ጀመረ፤ እሑድም ወደ ደብሩ ዳገቱን ይወጣል። ለወጥ ቤቱ መስኮት ተከፈተለት፤ ማገዶ የሚቈጥበውና ጢስ የሚቀንሰው ከሲሚንቶ የተሠራው ምርጥ ምጣድም ገባ። የሕፃናቱ ፊት በየጧቱ በንጹሕ ውሃ መታጠብ ተለመደ፤ ዝንብ የሚያርፍበት ያልታጠበ ፊት ዐይነ ስውርነትን ለሚያመጣው ለትራኮማ በር ይከፍታልና፥ ይህም በሽታ የአማራን ክልል እጅግ የጎዳ ነው። ስለ ትልቁ ልጅ ስለ ጫቱ ብዙ አንናገርም፤ ያ ነገር ራሱን የቻለ ስብከት ይፈልጋል።

እንዲህ ያለው ለውጥ በአገራችን አዲስ አይደለም። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶችን አሠልጥኖ በጤና ኬላ አስቀምጦአል። እነርሱም ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ፥ መጀመሪያ በ16 ክፍል የተዘጋጀውን ትምህርት ያስተምሩ ነበር፤ ተምሮ በሥራ የገለጠውን ቤተ ሰብ ሞዴል ቤተ ሰብ ብለው ለጎረቤቱ አርአያ አደረጉት። መጸዳጃ መቈፈር፥ እጅ መታጠብ፥ ሕፃናትን ማስከተብ ከዚያ ትምህርት ነው። እነዚህ እኅቶች በዳገትና በጭቃ የሚመላለሱበትን ድካም ያየ ሰው ከሐዋርያት አገልግሎት ጋር ቢያመሳስለው አንወቅሰውም።

አሁን ወደ ጾማችን እንምጣ። ቤተ ክርስቲያናችን ያዘዘቻቸው ጾሞች ተደምረው የዓመቱን ግማሽ ያህል ይሆናሉ። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። ይህ ሁሉ ቀን ከሥጋና ከቅቤ፥ ከወተትና ከዕንቍላል ተለይቶ በጥራጥሬና በአትክልት የሚኖርበት ነው። ዛሬ የዓለም ሐኪሞች በብዙ ድካም የሚሰብኩትን አበላል አባቶቻችን በቀኖና አቆዩልን። ነገር ግን ጾሙን ስለ ጤና ብለው አልሠሩትም፤ ስለ ነፍስ ነው እንጂ። ጤናው በጎን የሚገኝ ጸጋ ነው። ይህን ቅደም ተከተል የሚያዛባ ሰው ጾሙ ወደ ክብደት መቀነሻ ይለወጥበታል፤ ያ ደግሞ ነቢያት የጾሙት ጾም አይደለም።

ደግሞም ጾሙን ከጤናም ከነፍስም የምናራቁተው ራሳችን ነን። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ታግሠን ከቆየን በኋላ በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳና ብስኵት፥ በስኳር የተሞላ ሻይ፥ ዘይቱ እንደ ኩሬ የተኛበት ሽሮ የምንሰለፍለት ከሆነ፥ ከፍስኩ የባሰ ነገር በላን። የትንሣኤም ሌሊት 55 ቀን ያረፈ ሆድ በአንድ ጊዜ በጥሬ ሥጋና በቅቤ ሲጨናነቅ ማየት የለመድነው ነገር ነው። ጥሬው ሥጋ ደግሞ የኮሶን ትል ይዞ ይመጣል።

ነቢዩ ዳንኤልና ሦስቱ ሕፃናት በባቢሎን ቤተ መንግሥት የንጉሡን ማዕድ ትተው ጥራጥሬና ውሃ እንደ መረጡ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ሰባክያን የሚያልፉት አንድ ነገር አለ። ዳንኤል ለጠባቂያቸው እመነን ብቻ አላለውም። ዐሥር ቀን ፈትነን፥ ከዚያም ፊታችንን ከሌሎቹ ፊት ጋር አስተያይተህ እንዳየኸው አድርግ አለው። እምነቱ ጽኑ ሳለ መመዘንን አልፈራም። ዳንኤል ምግቡን ለወጠ፥ ለውጡንም ለሚያይ ዐይን አቀረበ።

ለኩታበሩ ቤትም ፈተናው የመጣው በዚህ ነው። ሦስት ወር ካለፈ በኋላ አባ ወራው ሰውነቱ ቀለለ፤ እንቅልፉ ተስተካከለ፤ ራሱንም አላዞረውም። ያን ጊዜ እንግዲህ እግዚአብሔር በጾምና በጠበል ፈወሰኝ፥ ይህ ኪኒን የፈረንጅ መርዝ ነው፥ እኔ በተፈጥሮ መኖር ጀምሬአለሁ ብሎ መድኃኒቱን ወረወረው። አይታችሁ ከሆነ እንዲህ ያለው ሰው ሞኝ አይደለም። ጤና ተሰምቶታል፤ ምስጋናውም እውነተኛ ነው። ነገር ግን ደም ብዛት በስሜት አይታወቅም ብለናል። የቀለለው ሰውነት ስለ ደሙ ግፊት ምስክር ሊሆን አይችልም። ምስክሩ መለኪያው ነው። ቍጥሩ በእውነት ከወረደ ሐኪሙ ራሱ መድኃኒቱን ይቀንስለታል፤ ካልወረደም ይነግረዋል። በገዛ እጅ መጣል ግን የዳንኤል ሥራ አይደለም።

እምነትና መድኃኒት ይጣላሉ የሚል አሳብ ከየት እንደ ገባ አናውቅም ለማለት ያስቸግራል፤ ከቸልታችን ነው የገባው። ሕዝቅያስ ንጉሥ በታመመ ጊዜ አልቅሶ ጸለየ፤ ጸሎቱም ተሰማ፤ ሆኖም ነቢዩ ኢሳይያስ በቍስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲደረግበት አዘዘ። ወንጌላዊው ሉቃስ ሐኪም ነበረ። ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን እንድናከብር፥ መድኃኒትን ከምድር ያወጣ ልዑል መሆኑንም እንድናውቅ ያስተምረናል። ቅዱስ ባስልዮስ በቂሳርያ አጠገብ ለድውያን ቤት ሠራ። በእኛም ዘመን ስለ ኤች አይ ቪ ሕሙማን ጥያቄ በተነሣ ጊዜ፥ በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ስለ ሆኑ እንደማይቃረኑ፥ መድኃኒቱን መውሰድም ኀጢአት እንዳልሆነ በግልጥ ተናግረዋል። በጠበል የሚታመን ሰው ኪኒኑን በጠበል ቢውጠው ማን ይከለክለዋል?

ከኩታበር ወደ ደሴ በሚወርደው መንገድ ላይ ያለችው ቦሩ ሜዳ ለዚህ ነገር ምስክር ናት። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ጉባኤ ሰብስበው የሃይማኖት ክርክር የተቈረጠው በዚያ ነው። በዚያው በቦሩ ሜዳ በኋላ ዘመን ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ሆስፒታል ተቋቋመ። ሥጋ ደዌ በመጽሐፍ ቅዱስ ዘመን ሰውን ከሰፈር ያስወጣ ነበር፤ ዛሬ ከ6 እስከ 12 ወር ሳያቋርጡ በሚወሰድ መድኃኒት ይድናል። ሳያቋርጡ የሚለውን ቃል አባ ወራው ይስማልን።

ስለ አገራችን ዕፀዋትም ጥቂት እንበል። አያቲቱ የጦስኝ ሻይ ያፈላሉ፥ ለጕንፋን ዳማ ከሴ ያሻሉ፥ ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት ከቤታቸው አይጠፋም። ይህ መልካም ነው። ሆኖም ከመሬት የበቀለ ሁሉ አይጎዳም ማለት ስሕተት ነው። ኮሶ ትልን ያስወጣል፤ ሲበዛ ግን ዐይንን አጥፍቶ ነፍስን እስከ ማሳለፍ ይደርሳል። እንዶድ ልብስ ያጥባል፤ አገራችን የወለደችው ሊቅ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በዐድዋ ሴቶች ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ቀንድ አውጣ ሞቶ አይቶ፥ የብልሃርዝያን አስተላላፊ እንደሚገድል አገኘ። ስለዚህም በ1989፥ በዚያው አቈጣጠር፥ የታወቀ የዓለም ሽልማት ተቀበለ። ያው እንዶድ ለሆድ የሚጠጣ መድኃኒት ይሁን ቢባል ግን ሰው ይገድላል። የዶክተር አክሊሉ ጥበብ ቅጠሉን በማመን ብቻ አልተገኘም፤ በመመርመር ነው። ደግሞም ቅጠል የሚጠጣ ሕመምተኛ ለሐኪሙ ይንገር፤ አንዳንዱ ቅጠል ከኪኒኑ ጋር ተደርቦ ይጎዳልና።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ኩታበርንና ደሴን በደረሰ ጊዜ የሆነውን አትረሱትም። የደሴው ሆስፒታል ተዘረፈ። በኅዳር መጨረሻ ከተማይቱ እስክትመለስ ድረስ የስኳርና የደም ብዛት ሕመምተኛ መድኃኒቱን ከየት እንደሚያገኝ ጨነቀው። ያን ጊዜ አንዲት ብልቃጥ ኢንሱሊን ምን ያህል ትከብር እንደ ነበረ ወሎ ያውቃል። በግድ የተወሰደብንን ነገር በሰላም ቀን በፈቃዳችን ወደ ቈሻሻ እንዴት እንጥለዋለን?

የቀረን የሕሙማን ጾም ነው፤ በደብዳቤም የምትጠይቁን ይህንኑ ነው። ጾም ለጤነኛው የታዘዘ ነው፤ በሕመም የደከመ ሰው ግን ሊጾም ባይችል ቤተ ክርስቲያን አትፈርድበትም። የስኳር በሽታ ኖሮበት ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበላ ቢቆይ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት፥ ሊሞትም ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ስንት ሰዓት መቆየት እችላለሁ ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱን ይዞ ወደ ንስሐ አባቱ ይሂድ። የንስሐ አባቱም የሰዓቱን ጾም አቅልለው ከሥጋና ከቅቤ መከልከሉን ብቻ፥ ወይም በሌላ ትሩፋት፥ በስግደት ፈንታ በጸሎት፥ በምጽዋትም እንዲተካው ያደርጉለታል። የደም ብዛቱን ኪኒን የሚወስድም በየትኛው ሰዓት ቢውጠው እንደሚሻል እንዲሁ ይጠይቅ፤ ለቅዱስ ቍርባን በሚዘጋጅበት ቀንም አስቀድሞ ለንስሐ አባቱ ያስታውቅ፥ በራሱ ፍርድ መድኃኒቱን አያስቀር። ካህናት አባቶቻችንም መጥቶ የሚጠይቃችሁን ሰው መድኃኒትህስ? ብላችሁ ጠይቁት፤ ሊደብቃችሁ ይችላልና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።