ከባዱን የእንግሊዝኛ ቃል እንዴት እንያዘው?
(ለሸዋ ሮቢት የሰፈራችን ማኅበር አባላትና ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



በዛሬው ስብሰባ ስለ እንግሊዝኛ ቃላት እንድንናገር በታዘዝን ጊዜ፣ «ለሽንኩርትና ለማሾ አገር እንግሊዝኛ ምን ይሠራለታል?» ያሉን አባት ነበሩ። ጥያቄው ተገቢ ነውና ከእሱ እንጀምር።

ልጆቻችን 9ኛ ክፍል ሲገቡ ሒሳቡም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ መሆኑ የታወቀ ነው። ገበሬው በጀርባው አዝሎ የሚረጨው የተባይ መድኃኒት ጽሑፍስ? ከመካከላችን አንዱ ሽንኩርቱን ሊረጭ ጠርሙሱን ለተማሪ ልጁ ሰጠው። ልጁ «ፕሪሃርቨስት ኢንተርቫል፣ 7 ቀን» የሚለውን ጥርት አድርጎ አነበበ። አነበበ እንጂ አልገባውም። «በየ7 ቀኑ ይረጫል ነው የሚለው» አለ። ትርጉሙ ግን ከመጨረሻው ርጭት በኋላ ምርቱ ሳይነሣ መቆየት ያለበት ጊዜ ማለት ነው። ሽንኩርቱ በተረጨ በማግስቱ ተነቅሎ ገበያ ወጣ። ማን እንደ በላው አናውቅም።

ሌላም እንጨምር። በነዳጅ ቦቴ ላይ «ኢንፍላመብል» የሚል ቃል ይጻፋል። ተማሪ «ኢን» ማፍረሻ ነው ብሎ ተምሯል፤ «ኮሬክት» ትክክል፣ «ኢንኮሬክት» ስሕተት። ታዲያ ይኸኛውን «የማይቃጠል» ቢለው ይፈረድበታል? ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ፍላመብልም ኢንፍላመብልም በቀላሉ የሚቀጣጠል ማለት ነው፤ የኋለኛው የላቲን ሥሩ ራሱ ማቀጣጠል ነውና። የቃል ቁራጭ አይቶ መገመት ብዙ ጊዜ ይረዳል፣ አንዳንዴ ግን እሳት ላይ ይጥላል።

ወደ አነባበቡ እንምጣ። እንግሊዝኛ እንደ ፊደላችን የተጻፈውን ሁሉ አያነብም። ደረሰኝ «ሪሲት» ነው፣ ውስጡ ያለው ፒ አይሰማም። ዕዳም «ዴት» ይባላል፣ ቢዋ ዝም ትላለች። ብዙዎቻችን ፒን ወደ ቢ እንወስዳለን፤ «ፒል» ያልነው ክኒን «ቢል» ሆኖ የሒሳብ ወረቀት ይሆናል። ፊደላችንም ወሰን አለው። መርከብም በግም በኛ ጽሕፈት «ሺፕ» ናቸው፤ የበጉ ግን አናባቢው ይረዝማል። ይኸ ለኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም፤ በዓሉን «ገና»ንና «ገና አልመጣም» የምንለውንም በአንድ ዓይነት ጽፈን የምንለየው በማጥበቅና በማላላት ነው እኮ!

ከሁሉ የሚያስቸግረው የምናውቀው የሚመስለን ቃል ነው። «ፋብሪካ»ን ከጣልያንኛ ወሰድን፤ በእንግሊዝኛ «ፋብሪክ» ጨርቅ ነው፣ ፋብሪካ «ፋክተሪ» ነው። «ሶፍት» ለስላሳ እንጂ የአፍንጫ መጥረጊያ ወረቀት አይደለም። መንገድ ዳር ልጆች «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» የሚሉት የውኃ ፕላስቲክ የንግድ ስም ነው፤ የቃሉ ትርጉም ደጋ ነው። የይፋት ቆላ ልጅ ደጋ ሲለምን የሚሰማ ፈረንጅ ምን ይል ይሆን?

መዝገበ ቃላት አላጣንም። የአምሳሉ አክሊሉና የሞስባክ እንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት በ1973 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በዚያው ዓመት የወጣው የቮልፍ ሌስላው መጽሐፍ ደግሞ ቃሉን በዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ ያሳያል። እኛ የምንመርጠው ይኸንን ዘዴ ነው። በቀን 50 ቃል ሸምድዶ በሳምንቱ ከመርሳት፣ 5 ቃል ይዞ ለእያንዳንዱ ስለ ገዛ ቤቱ፣ ስለ ማሳው አንድ ዐረፍተ ነገር መሥራት ይሻላል። ጮክ ብሎም ማንበብ ነው። በዓይን ብቻ የተጠና ቃል አፍ ላይ ሲፈለግ ይጠፋል።

በሚመጣው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስንገናኝ፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ ከክኒን ወረቀት፣ ከማዳበሪያ ከረጢት ወይም ከተባይ መድኃኒት ላይ ያልገባውን አንድ ቃል በደብተር ገልብጦ ይምጣ። ጠርሙሱን ግን ይዛችሁ እንዳትመጡ፣ አደራ፤ ቃሉ ብቻ ይበቃናል።