«ነገ ተመለስ» የተባለ በሽተኛ አይመለስም
(ሮቤ ላይ ለጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ካሰማሁት ንግግር)



እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ደብተርና ብዕር ይዤ የምዞር ጋዜጠኛ ነኝ። ያየሁትን ግን ልናገር።

ድሬ ሼክ ሁሴንን የማያውቅ እዚህ የለም። በዙል ሒጃ ወር ከባሌ፣ ከአርሲ፣ ከሐረርጌ ሕዝቡ ኡሌውን ይዞ ይጎርፋል። ነጋዴውም፣ ሾፌሩም፣ ረዳቱም አብሮ ይመጣል። የመጣው ሁሉ አባላዘር አለበት ማለቴ አይደለም፣ አላህ ይጠብቀኝ! መንገደኛ ነው ማለቴ ነው። ዛሬ ያላከማችሁት መንገደኛ ነገ ጊኒር፣ ከነገ ወዲያ ሐረር ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ላቦራቶሪ ለሌለው ጤና ጣቢያ ምልክትን ተከትሎ ማከምን የመከረው ለዚህ ነው። ፈሳሽ ያለበት ወንድ ለጨብጥም ለክላሚዲያም፣ ቁስል ያለበት ለቂጥኝም ለሄርፒስም በዚያው ቀን ይታከማል። በዓይን አይለዩማ!

በታንዛኒያ፣ ሙዋንዛ ገጠር እንዲህ ሲታከም አዲስ የኤች አይ ቪ መያዝ በ40 በመቶ ያህል መቀነሱ እ.ኤ.አ. በ1995 ታትሟል። ኋላ በዑጋንዳ የተደረጉ ጥናቶች ያንን ውጤት አላገኙም። ቢሆንም ቁስሉ ቁስል ነው፤ መታከም አለበት።

ዘዴው ጉድለት አለው። ብዙ ሴቶች ምልክት አያሳዩም። ስለዚህ ነፍሰ ጡሯ ሁሉ የቂጥኝ ደም ምርመራ ታግኝ፤ በጊዜው የተሰጠ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ጽንሱን ያድናል። ባልም ብቻውን ታክሞ ቤቱ ቢገባ ምን ዋጋ አለው? ከሚስቱ መልሶ ይይዘዋል። የበሽታው ስም ያልተጻፈበት የጥሪ ወረቀት ስጡትና እሷም ትምጣ።

አንድ ጤና ጣቢያ ኮሪደር ላይ ተቀምጬ ሳለ፣ «የአባላዘሩ ታካሚ ማነው?» ተብሎ ሲጮህ ሰማሁ። አጠገቤ የነበረው ወጣት ብድግ ብሎ ወጣ። ተከተልኩት። ከሱቅ ሁለት ፍሬ ካፕሱል ገዝቶ፣ እዚያው ዋጠና ሄደ። ሁለት ፍሬ በሽታውን አያድንም፤ ጀርሙን መድኃኒት ያለማምደዋል እንጂ።

የበላዮቻችንንም ልጠይቅ፦ ሪፖርት ላይ ሽፋኑ በየዓመቱ ያድጋል። መደርደሪያው ባዶ ሲሆን የሚጠየቀው ማነው? ነርሷ ብቻ ናት እንዴ?

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይላል አገሬው። ያ ልጅ ግን አልሸሸገም፤ ሊናገር መጥቶ ነበር። በር ያለው ክፍል፣ ዝቅ ያለ ድምፅና በዕለቱ የሚሰጥ መድኃኒት ብቻ ነበር የሚፈልገው።