የአንድ ተራራ አገር ሙያ በዓለም ገበያ ፊት



ዛሬ እንድናገርበት የተመደበልኝ ጉዳይ ለጊዜው ሲታይ የነጋዴና የፋብሪካ ባለቤት እንጂ የመምህር ጉዳይ አይመስልም። ይኸውም በአንድ አውራጃ የተሰባሰቡ ባለሙያዎችና ድርጅቶች ከመላው ዓለም ጋር ተወዳድረው ጸንተው ሊቆሙ የሚችሉት በምን ኃይል ነው የሚል ነው። ነገር ግን ነገሩ ከሥሩ ሲመረመር ወደ ትምህርት ቤት ደጃፍ የሚያደርስ ስለ ሆነ፤ በዚህ ጉባኤ ፊት መነሣቱ ተገቢ ነው እላለሁ። በጥቅሉ ከመናገርም አንድ አገር መርጦ ማየት ስለሚሻል፤ የስዊስን ሰዓት ሠሪዎች በምሳሌነት አቀርባለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በስዊስና በፈረንሳይ ወሰን የጁራ ተራሮች አሉ። በእነዚህ ተራሮች ላይ፤ ከባሕር ወለል በላይ 1000 ሜትር ግድም ከፍታ ባለው ቦታ፤ ላ ሾ ደ ፎንና ለ ሎክል የሚባሉ ሁለት ከተሞች ይገኛሉ። ምድሩ ብርዳም ነው፤ የበረዶው ወራት ረጅም ነው፤ ወደብም የለውም። ገበሬው በረዶ ደጁን በዘጋበት ጊዜ እጁን አጣጥፎ ከመቀመጥ ይልቅ፤ ከ18ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በየቤቱ የሰዓት ክፍሎችን መሥራት ያዘ። አንዱ ጥርሳም መዘውር ይሠራል፤ ሌላው ሞላ ይጠቀልላል፤ ሦስተኛው የሰዓቱን ፊት ይቀባል፤ ክፍሎቹን ሰብስቦ የሚገጥመው ደግሞ ሌላ ነበር። እንዲህ ሆኖ ማንም ሰው ብቻውን ሙሉ ሰዓት ሳይሠራ፤ አገሩ በሙሉ ሰዓት ሠሪ ሆነ።

ከዚህ አሠራር ሦስት ጥቅም ተገኘ። አንደኛ፤ እያንዳንዱ ባለሙያ በአንድ ነገር ላይ ስለ ጸና እጁ ሰላ። ሁለተኛ፤ ሁሉም ጎረቤታሞች ስለ ነበሩ የአንዱ ብልሃት ለሌላው ለመድረስ ብዙ ቀን አይፈጅበትም ነበር። ሦስተኛ፤ አንድ ሰው ብቻውን ሊያቆመው የማይችለውን ነገር ሁሉም በኅብረት ሊያቆሙት ቻሉ። በ1858 በኑሻቴል የከዋክብት መመልከቻ ተቋቁሞ፤ ትክክለኛውን ጊዜ በቴሌግራፍ ለሰዓት ሠሪዎቹ ያስተላልፍ፤ የሠሩትንም ሰዓት በውድድር ይመዝን ጀመር። በ1865 በላ ሾ ደ ፎን፤ በ1868 ደግሞ በለ ሎክል የሰዓት ሥራ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። ከዚያ በፊት ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፍ የነበረው ሙያ በሥዕል፤ በሒሳብና በልክ የሚማሩት ትምህርት ሆነ።

የመጀመሪያው ከባድ ፈተና የመጣው በ1876 ነው። በዚያ ዓመት በፊላዴልፊያ በተደረገው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን አሜሪካውያን በመኪና የተሠሩ፤ ክፍሎቻቸው እርስ በርሳቸው የሚተካኩ ሰዓቶችን አቀረቡ። ከስዊስ ተልከው ከሄዱት ሰዎች መካከል የሎንዢን ፋብሪካ መሐንዲስ ዣክ ዳቪድ ያየውን ነገር ሳይሸፋፍን ለወገኖቹ ጻፈ። ወሬው ደስ የሚያሰኝ አልነበረም፤ ቢሆንም ሰሚ አገኘ። የተራራው ሰዎች የመኪናን ሥራ ከቆየው የእጅ ሙያቸው ጋር አዋሕደው ገበያቸውን አስከበሩ።

ሁለተኛው ፈተና ግን የከፋ ነበር፤ ለእኛም የበለጠ ትምህርት የሚሰጠን እርሱ ነው። ኳርትዝ የሚባለው ድንጋይ በባትሪ ኃይል ሲነካ በማይለዋወጥ ፍጥነት ስለሚንቀጠቀጥ ጊዜን ከሞላ ይልቅ አጥርቶ ይቆጥራል። በ1962 በኑሻቴል ለኤሌክትሮኒክ ሰዓት ምርምር የሚሆን ማዕከል ተመሠረተ፤ በ1967ም ሊቃውንቱ በኳርትዝ የሚሠራ የእጅ ሰዓት ናሙና ሠርተው አሳዩ። ሆኖም ታኅሣሥ 25 ቀን 1969 እንዲህ ያለውን ሰዓት መጀመሪያ ለገበያ ያወጣው የጃፓኑ ሴይኮ ሆነ። ሰዓቱ የተሠራበት ሱዋ የሚባለውም አገር እንደ ጁራ ተራራማ ሲሆን፤ ቀድሞ በሐር ክር ሥራ የታወቀ አውራጃ ነበር።

ስዊሶች በ1970 የራሳቸውን የኳርትዝ ሰዓት ቢያወጡም፤ አብዛኛው የሥራ ቤት የለመደውን ሞላና መዘውር ሊለቅ አልወደደም። የገንዘባቸው ዋጋ መወደዱም ችግሩን አባባሰው። በ1970 በሰዓት ሥራ ይተዳደር የነበረው ሠራተኛ 90,000 ያህል ነበር፤ በ1984 ከ30,000 ብዙም የማይበልጥ ሆኖ ቀረ። እውቀቱ በቤታቸው ተወልዶ ሳለ እንጀራው ወደ ሌላ አገር ተሻገረ።

አገሩ ጨርሶ ያልወደቀው ሙያው በሰዎቹ ውስጥ ስለ ነበረ ነው። በ1983 ስዋች የተባለው ርካሽ ሰዓት ወጣ፤ ክፍሎቹም 51 ብቻ ነበሩ። ይህን ያህል ማሳነስ የሚችለው መዘውርን አጥብቆ የሚያውቅ እጅ ነው። የቀድሞው የሞላ ሰዓት ደግሞ እንደ ጌጥ ተከብሮ በውድ ዋጋ ይሸጥ ጀመር። ጥቃቅን ነገር መሥራት የለመዱ ሌሎች ባለሙያዎችም ወደ ሕክምና መሣሪያ ሥራ ዞሩ።

እንግዲህ ይህ ነገር እኛን በምን ይነካናል? በ2016 የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመረቅ ሕንፃውና መኪናው በአጭር ጊዜ ተሟልቶ ነበር። ኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ ገበያ ያለ ቀረጥ የምትገባበት ዕድል ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ ሲቋረጥ ግን፤ ከዚያ ጋር በተያያዘ ጥለው የሄዱ የውጭ ድርጅቶች ነበሩ። ሕንፃ በትእዛዝ ይቆማል፤ መኪናም በመርከብ ተጭኖ ይመጣል፤ ተጭኖም ይሄዳል። በሰው ውስጥ የተተከለ ሙያ ግን ከአገሩ ጋር ይኖራል።

እንዲህ ያለውም ሙያ በመካከላችን አለ። በሽሮ ሜዳ ሸማኔው ከሸማኔ ጎን ተቀምጦ ይሠራል፤ በመርካቶም ጫማ ሠሪው ከቆዳ ሻጩና ከሶል ቆራጩ አጠገብ ይውላል። የጎረቤትነቱ ነገር ከጁራው ጋር አንድ ነው። የሚቀረው የጋራ ሚዛንና የጋራ ትምህርት ቤት ነው።

መምህራን ሆይ፤ የእኛ ድርሻ ከዚህ ይጀምራል። ዐፄ ምኒልክ ባለሙያን በሥራው መስደብ በአዋጅ ከከለከሉ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል፤ ነገር ግን አዋጅ የልብን ንቀት ብቻውን አይነቅልም። የሸማኔው ልጅ በክፍላችን ተቀምጦ ከትምህርቱ ጋር የአባቱን ሙያ ማፈር ከተማረ፤ ያ ሙያ በእኛ እጅ ሞተ ማለት ነው። ልጁ የአባቱን ጥለት በሒሳብ ለክቶ፤ በወረቀት ነድፎ፤ «ከዚህ የተሻለ እንዴት ይሠራል?» ብሎ እንዲጠይቅ ካደረግነው ግን የሽሮ ሜዳ ሥራ ከሩቅ አገር ፋብሪካ ጋር የሚወዳደርበትን መሣሪያ ሰጠነው።

የጁራ ሰዎች በ1876 የመረረውን ወሬ ሰምተው ዳኑ፤ ከ1967 በኋላ የገዛ ልጆቻቸውን ግኝት ቸል ብለው ተጎዱ። ስለዚህ የምናሠለጥነው መምህር ነባሩን ሙያ የሚያከብር፤ አዲሱንም የማይፈራ ይሁን።