ፍርፍር በምሳ ዕቃ

እሷ፦ ከልጅ ጋር ሽርሽር ሲባል ሰው ሁሉ ቺፕስና ጁስ ነው የሚታየው። እኔ ግን ፍርፍር በምሳ ዕቃ ቋጥሬ እንጦጦ ፓርክ ነው የምወጣው።

እሱ፦ ፍርፍር? ሣር ላይ? ልብሳቸውስ?

እሷ፦ ይታጠባላ! ትልቋ ልጄ እኮ ቤት በልመና ነው የምትበላው። እዚያ ባሕር ዛፉ ሥር ግን እሷው ወንድሟን ታጎርሳለች። ግማሹ አገጩ ላይ ይቀራል፣ እሱም ይስቃል።

እሱ፦ ብርዱንስ? እንጦጦ ጫፉ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው እኮ።

እሷ፦ ጋቢ ለመቼ ነው ታዲያ?

እሱ፦ እሱስ ልክ ነሽ። ግን የታክሲው ሒሳብ ለቤተሰብ ቀላል አይደለም። ለእኔ እቤትም ቢሆን፣ አንድ ትሪ ከበን ስልኩ ከራቀ ይበቃል።

እሷ፦ አባቶች ስልካቸውን ያርቃሉ ብለህ ነው?

እሱ፦ ኧረ እሱን ለአድማጮች እንተወው! መስመሩ ክፍት ነው።