ስለ ጓዳ ስንቅና በቆርቆሮ ስለ ታሸገ ምግብ



በክረምት ወንዝ ሞልቶ መንገድ በተዘጋ ጊዜ፥ ወይም የገበያው ቀን ገና ሦስት ቀን ሲቀረው፥ እንግዳ ከደጅ ይደርሳል። ያን ጊዜ የቤቲቱ እመቤት ዓይኗን ወደ ጓዳዋ ታቀናለች። በጓዳዋ ሽሮ፥ በርበሬ፥ ድርቆሽ፥ ዘይት፥ ጥቂት ሽንኩርትና ከከተማ የመጣ አንድ ሁለት ቆርቆሮ ካለ እንግዳው ጦሙን አያድርም። ባልትና ማለት ለድግስ ዶሮ መሥራት ብቻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ዳሩ ግን ሞያ የሚፈተነው በዚህ ባልታሰበ ምሽት ነው።

ከሁሉ የሚቀድመው ሽሮ ነው። ለአራት ሰው ሁለት ራስ ቀይ ሽንኩርት ደቅቆ ይከተፍና ያለ ዘይት በድስት ይታመሳል፤ ውሃው ሲመጥ ዘይት ይጨመርበታል። ቀጥሎ አንድ የሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ ይገባል። ድልሁ ከዘይቱ ጋራ ጥቂት ካልተቁላላ ወጡ ጥሬ ጥሬ ይላል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነው። ከዚህ በኋላ አንድ ብርጭቆ ሽሮ በአራት ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ ይጨመርና፥ እሳቱ ተቀንሶ፥ ዘይቱ ወደ ላይ እስኪወጣ ድረስ እየተማሰለ ይንተከተካል። ጨው በመጨረሻ ይገባል። በፍስክ ቀን በዘይቱ ፈንታ ቅቤ ቢሆን ማንም አይከፋውም።

በደጋ አገር ማብሰል ትዕግሥት ይፈልጋል። አገሩ ከፍ ባለ መጠን ውሃ በአነስተኛ ሙቀት ይፈላልና፤ በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ በአዲስ አበባ ከፍታ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ ውሃው ፈላ ማለት ምግቡ በሰለ ማለት አይደለም።

ድርቆሽ የመንገደኛና የዘማች ስንቅ ሆኖ የኖረ ነው። እንጀራው ሲቆረስ እንደ ገል ቀጭ የሚል እስኪሆን ድረስ በፀሓይ መድረቅ አለበት፤ በከፊል የደረቀው ሻጋታ ያበጃል። ለፍርፍር ሽንኩርትና በርበሬ በዘይት ይቁላላል፤ ጥቂት ድልህና ሁለት ብርጭቆ ውሃ ታክሎበት ሲፈላ ድስቱ ከእሳት ይወርዳል፤ ድርቆሹም ያን ጊዜ ይጨመራል። በእሳት ላይ ሳለ የጨመሩት እንደሆነ ቦክቶ ገንፎ ይሆናል።

በቆርቆሮ የሚመጣው ሰርዲን ደግሞ ቀድሞ የበሰለ ስለሆነ ድካም የለውም። ሽንኩርትና ቃሪያ በራሱ በሰርዲኑ ዘይት ለብለብ ይደረግና፥ ዓሣው በመጨረሻ ገብቶ፥ ሳይማሰል፥ ሎሚ ይጨመቅበታል። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ክርክር ለካህናት ይተው።

ቆርቆሮው ራሱ ታሪክ አለው። ኒኮላ አፔር የሚባል ፈረንሳዊ ምግብን በጠርሙስ አሽጎ በመቀቀል ሳይበላሽ ማቆየት መቻሉን አሳየ፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1810 ዓ.ም. መንግሥቱ 12,000 ፍራንክ ሸለመው። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ አገር ፒተር ዱራንድ በቆርቆሮ የማሸጉን ፈቃድ አወጣ። የሚያስቀው ነገር፥ የቆርቆሮ መክፈቻ የተገኘው ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው፤ እስከዚያው ድረስ ሰው በመሮና በመዶሻ ይከፍት ነበር።

አሁን ግን ከምግቡ አሠራር ይልቅ ብርቱ ወደ ሆነው ነገር እንግባ። ነፋስ በማይገባበት ዕቃ ውስጥ አድጎ መርዝ የሚያወጣ ረቂቅ ተሐዋሲ አለ፤ በሽታው ቦቱሊዝም ይባላል። ጅማትን አስሮ ትንፋሽን እስከ መከልከል ያደርሳል። የዚህ ተሐዋሲ ዘር ተራ የፈላ ውሃን ይቋቋማል፤ ፋብሪካዎች በታመቀ እንፋሎት እስከ 121 ዲግሪ የሚያሞቁት ስለዚህ ነው። እንግዲህ በደጋ ቤት፥ በ92 ዲግሪ ውሃ፥ ሥጋን በጠርሙስ አሽጎ ማኖር ሞት ማኖር ይሆናል። ሥጋን ለማቆየት የእናቶች ቋንጣ ይሻላል፤ ጨውና በርበሬ ተቀብቶ፥ በቀጭኑ ተዘልዝሎ፥ ነፋስ በሚያገኘው ስፍራ እስኪደርቅ ይሰቀላል።

ቆርቆሮው ሆዱ የተነፋ፥ መገጣጠሚያው ያዠ ወይም ዝገት የበላው፥ ሲከፈትም እየተፍለቀለቀ የሚረጭ ከሆነ አይበላ። ቀምሼ ልወቀው ማለት ከሁሉ የከፋ ነው፤ መርዙ ሽታም ጣዕምም ሳይኖረው ይችላልና። እዚህ ላይ አያት፥ «የእግዜር ጸጋ እንዴት ይጣላል?» ብላ ትቆጣለች። ስለ እህልና ስለ እንጀራ ስትናገር እውነቷን ነው፤ ከከተማ የመጣ የዘመድ ስጦታ መጣልም ያሳፍራል። ሆኖም መምህሩ በትሕትና ምክንያቱን ነግሮ፥ የተነፋውን ቆርቆሮ ሳይከፍት፥ ውሻና ሕፃን በማይቆፍረው ጥልቅ ጉድጓድ ይቅበረው።

ደኅናው ቆርቆሮ ከተከፈተ በኋላ የተረፈው ወደ ንጹሕ ብርጭቆ ተገልብጦ፥ ተከድኖ፥ ሳይውል ሳያድር ይበላ፤ ስለዚህ ለገጠር ቤት ትንሹን ጣሳ መግዛት ይበጃል። የባዶው ጣሳ ጠርዝ ልጆችን እንዳይቆርጥ በድንጋይ ተቀጥቅጦ ይታጠፍ።